29ኛው ፒክ ለማን? የዋሽንግተን ደጋፊዎች ክርክር

ቡርጋንዲና ወርቅ | ሰኞ፣ ኤፕሪል 21፣ 2025

እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ለፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ ወንድሜ ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ቀርቦ፣ እንቁላሉ ለየሰዉ ተዳርሶ፣ ገና ሁለተኛ ጉርሻ ላይ እያለን አንዱ «ሐሙስ ድራፍቱ ነው፣ ኮማንደርስ ማንን የሚወስዱ ይመስላችኋል?» አለ። (ድራፍት ማለት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ነው። እያንዳንዷ ተራ ፒክ ትባላለች። ኮማንደርስ የኛ የዋሽንግተን ቡድን ነው።) ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልተወራም። ቡናው በረካ እስኪደርስ ተከራከርን። ሳንስማማ ተለያየን። ስለዚህ የኔን ሐሳብ ላቅርብና እናንተ ፍረዱኝ።

ያለን አምስት ፒክ ብቻ ነው። 29፣ 61፣ 128፣ 205 እና 245። ሦስተኛ ዙር ላይ ባዶ ነን። የራሳችን ለማርሾን ላቲሞር ሄዷል። በዳትሰን ልውውጥ ከፊላደልፊያ ኢግልስ ያገኘነውን ደግሞ የቡድኑ ማናጀር አዳም ፒተርስ ላሪሚ ተንሲልን ከሂዩስተን ሲያመጣ ሰጥቶታል። አምስተኛ ዙሩ ለዲቦ ሳሙኤል ሄደ። በተንሲልም በዲቦም ደስ ብሎኛል፣ ግን ኪሳችን ሳስቷል። የመጀመሪያዋን ፒክ መሳት አንችልም።

እኔ የምለው ተከላካይ ነው። በተለይ የባላጋራን ኮርተርባክ (ኳስ ወርዋሪውን) የሚያሳድድ ፓስ ራሸር። ዳንቴ ፋውለር ባለፈው ዓመት 10.5 ሳክ (ኮርተርባኩን ኳስ ሳይወረውር መጣል) አስመዝግቦ ሄደብን፣ ያውም ወደ ዳላስ። ጆናታን አለንም ተለቋል። ጃንዋሪ 26 ፊላደልፊያ ላይ የሆነውን ረሳችሁት? ኢግልስ ኳሱን በያዙበት የመጀመሪያ ሙከራ ሴኮን ባርክሊ 60 ያርድ ሮጦ አገባ። ሻዬን አስቀምጬ ቀና ስል እሱ መስመሩ ላይ ደርሷል። 55 ለ 23 አለቀ። በሩጫ ብቻ ሰባት ታችዳውን። ይህ የደረሰበት ቡድን መጀመሪያ በሩን ነው የሚዘጋው። ከቦስተን ኮሌጅ ዶኖቫን ኤዜሩአኩ አለ፣ ባለፈው ዓመት 16.5 ሳክ። ከማርሻል ማይክ ግሪን አለ፣ 17። አንዳቸው 29 ላይ ከተገኙ ሁለቴ ማሰብ አያስፈልግም።

የናሆም አባት | ሰኞ፣ ኤፕሪል 21

እንኳን አብሮ አደረሰን ወንድሜ። ንዴትህ ይገባኛል፣ ያን ሌሊት እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን አልስማማም። መጀመሪያ ልጁን ጠብቁልን።

ኮርተርባካችን ጄደን ዳንየልስ ባለፈው ዓመት 47 ጊዜ ሳክ ተደርጓል። ገና ጀማሪ ሆኖ ቡድኑን 12 ለ 5 አድርሶ፣ 33 ዓመት ያላየነውን የኮንፈረንስ ፍጻሜ ያሳየን ልጅ 47 ጊዜ መሬት ተመትቷል። ኦክቶበር ላይ ከካሮላይና ጋር ስንጫወት የጎድን አጥንቱን ተጎድቶ የወጣ ቀን ልቤ እንዴት እንደመታ እኔ ነኝ የማውቀው። ተተኪው ማሪዮታ ገብቶ 40 ለ 7 አሸነፍን፣ እኔ ግን ደስታው አልታየኝም። በሳምንቱ ተመልሶ ቺካጎን ያንን የ52 ያርድ ተአምር ሠራባት እንጂ ነገሩ ሌላ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጃንዋሪ 6፣ 2013 ላንዶቨር ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። አገር በገባሁ በሁለተኛ ዓመቴ። አብሮኝ ታክሲ የሚነዳ ልጅ ነው ትርፍ ትኬት የሰጠኝ፣ ጨዋታውን ገና በደንብ አላውቀውም። ከሲያትል ጋር ነው። 14 ለ 0 እየመራን ነው። የያኔው ኮርተርባካችን ሮበርት ግሪፈን ግን እያነከሰ ነበር፣ ጨዋታውን የማላውቀው እኔ እንኳ ከላይ ሆኜ ይታየኛል። አራተኛው ሩብ ላይ ኳሷ ተበላሽታ መጣች። ሊያነሳት ዞር ሲል ቀኝ ጉልበቱ ወደ ጎን ታጠፈ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ኮፍያዋን አውልቃ አፏን ሸፈነችበት፣ እስኪወጣ ድረስ አላወረደችውም። 24 ለ 14 ተሸነፍን። ሽንፈቱን ማንም አያስታውሰውም፣ ጉልበቱን ነው። ለዚያ ልጅ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ፒክና አንድ የሁለተኛ ዙር ፒክ ተከፍሎበት ነበር። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆነም።

ስለዚህ እኔ ላይንማን ነው የምለው፣ ኮርተርባኩን ከፊት ሆኖ የሚጠብቀውን። ተንሲል በግራ መጣ፣ እሰይ። በቀኝ ማን አለ? አንድሩ ዋይሊ። ውስጥ ሳም ኮስሚ ዲትሮይት ላይ ጉልበቱ ተበጥሶበት መቼ እንደሚመለስ እግዚአብሔር ያውቃል። የዘጠኝ ዓመት ልጄ 5 ቁጥር ለብሶ ነው የሚተኛው። ሌላ ግሪፈን ላሳየው አልፈልግም።

ስካይላይኗ | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ከሌሊት ሥራ ገብቼ ነው የማነበው፣ እንቅልፍ አስከለከላችሁኝ። ሁለታችሁም ስለ ኮርነርባክ፣ የባላጋራን ኳስ ተቀባይ ስለሚሸፍነው ተከላካይ፣ ምንም ሳትሉ ማለፋችሁ ገረመኝ።

ቤንጃሚን ሴንት ጁስት ወደ ቻርጀርስ ሄደ። ላቲሞርን ያን ሁሉ ፒክ ከፍለን አምጥተን አብዛኛውን ጊዜ በጉዳት ነው ያሳለፈው። ኢማኑኤል ፎርብስ የ2023 16ኛ ፒካችን ነበር፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተባረረ። የቀረን ማይክ ሴንሪስቲል ነው። ሴንሪስቲልን እንደ ወንድሜ ነው የምወደው። ሄይቲ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ ሚሺጋን እያለ ከሪሲቨርነት (ኳስ ተቀባይነት) ወደ ተከላካይነት ተቀይሮ 50ኛ ፒክ የሆነ ልጅ ነው። ዲትሮይት ላይ ሁለት ኳስ ሲነጥቅ ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህኩት። ግን ቁመቱ ለውጪው መስመር አጭር ነው። ባለፈው ዓመት ቸገረንና ዳር አሰለፍነው። ቦታው መሃል ነው፣ ስሎት ላይ። ዳር የሚቆም ረጅም ልጅ ስጡትና መሃል ይሥራ፣ ያኔ አንድ ፒክ ሁለት ቦታ ደፈነልን ማለት ነው።

የኬንታኪው ማክስዌል ሄርስተን 40 ያርዷን በ4.28 ሴኮንድ ነው የሮጣት፣ ዘንድሮ ከተፈተኑት ሁሉ ፈጣኑ። 29 ላይ ካለ እሱን።

ወንድም ቡርጋንዲ፣ ስለ ፓስ ራሸር ያልከው ልክ ነው። ግን አስብበት፣ ኳስ የሚቀበለው ሰው በደንብ ሲሸፈን ኮርተርባኩ ኳሷን ይዞ ይቆያል። ሲቆይ ያሉን ሰዎችም ይደርሱበታል። ሳኩ ከኋላም ይመጣል።

የአርኤፍኬ ሰው | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ልጆች እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ በሱዳን በኩል የመጣሁ የድሮ ሰው ነኝ። ያኔ አበሻ ሁሉ አዳምስ ሞርጋን ነበር። ስድስት ሆነን አንድ አፓርታማ እንኖር ነበር፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረችን። ፉትቦል ያስተማረን በረኛው ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማርና።

ልጅቱ ስለ ኮርነር ያለችውን ስሰማ ዳረል ግሪን ትዝ አለኝ። በ1983 የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ፒክ ነበር፣ 28ኛ። ያኔ ቡድኖቹ 28 ብቻ ነበሩ። ሁሉም አልፈውት እኛ ጋ ደረሰ። ትንሽ ነው ተባለ። እዚሁ ዋሽንግተን 20 ዓመት ተጫወተ፣ ሌላ ማሊያ ሳይለብስ። ቁጥሩም 28 ነበር። የሱ ማሊያ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። እና ከመጨረሻ የተገኘ ፒክ ጥሩ ሰው አይሆንም የሚል ካለ እሱን ይይ።

ቢሆንም ድምፄን የምሰጠው ለናሆም አባት ነው። ምክንያቴን ላስረዳ። ይህ ቡድን ሦስት ሱፐር ቦውል በልቷል። በ1983 ጃንዋሪ፣ በ1988 እና በ1992። ኮርተርባኮቹ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ታይስማን፣ ደግ ዊሊያምስ፣ ሪፒን። አሠልጣኙ ጆ ጊብስ አንድ ነው። ሌላ ያልተለወጠው የፊት መስመሩ ነው፣ «አሳማዎቹ» እንላቸው የነበሩት። ጆ ጃኮቢ በድራፍት እንኳ አልተመረጠም። ራስ ግሪም ሦስተኛ ዙር ነው። እነዚያ ሰዎች ሲገፉ የአርኤፍኬ፣ የድሮው ስታዲየማችን፣ ወንበር ከሥራችን ይነቃነቅ ነበር። እውነቴን ነው፣ ብረቱ ይዘላል። ከፊት ግድግዳ ካለህ ከኋላ ማን ቢቆም ይሠራል። ግድግዳ ከሌለህ ግን ንጉሥ ብታስቀምጥም ይወድቃል።

የአርኤፍኬ መሬት ለከተማዋ እንዲተላለፍ ጃንዋሪ ላይ ሕግ ሆኗል። ቡድኑ ወደዚያ ሲመለስ ለማየት ዕድሜ ይስጠኝ።

ገና ስምንት ወሬ | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ሰላም ለሁላችሁ። ይቅርታ ጣልቃ ስለገባሁ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ባልደረቦቼ ከዚህ ሌላ አያወሩም፣ እኔ ደግሞ የአርሰናል ሰው ነኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው። ፓስ ራሸርም፣ ላይንማንም፣ ኮርነርም ካስፈለገ ለምን ሦስቱንም አይገዙም? የባለቤቱ ብር አልቆ ነው? 29ኛ የሆንነውስ ለምንድን ነው?

ቡርጋንዲና ወርቅ | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

ወንድሜ እንኳን ደህና መጣህ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ብሩ ሞልቷል። ጆሽ ሃሪስና አጋሮቹ በ2023 ቡድኑን በ6 ቢሊዮን ዶላር ነው የገዙት። ግን እንደ አውሮፓ ሀብታሙ የፈለገውን ሰብስቦ አይሄድም። ለሁሉም ቡድን እኩል የደመወዝ ጣሪያ አለ፣ ዘንድሮ 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንዱን ኮከብ ብታመጣ ለሌላው ይጎድልሃል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ልጆች ደግሞ በገበያ አትገዛቸውም። በተራ ነው። 32 ቡድን፣ ሰባት ዙር። ባለፈው ዓመት ከሁሉ የከፋው መጀመሪያ ይመርጣል፣ ዋንጫ የበላው መጨረሻ። እኛ በኮንፈረንስ ፍጻሜ ስለተሸነፍን 29 ደረሰን፣ ቡፋሎ 30። ባለፈው ዓመት መጥፎ ስለነበርን 2ኛ ነበርን፣ ዳንየልስን ያገኘነውም በዚያ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በድራፍት የመጣ ልጅ ደመወዙ የተወሰነ ነው። ዳንየልስ ለአራት ዓመት በድምሩ ወደ 37.7 ሚሊዮን ነው የሚከፈለው። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ያገኛል። ልዩነቱን አየኸው? ይህ ልጅ ርካሽ በሆነባቸው ዓመታት ውስጥ ነው ቡድን መሥራት ያለብን። የራሱ ትልቅ ኮንትራት ሲመጣ ኪሳችን ይጠባል። እንዲህ የምንጨቃጨቀው ለዚያ ነው።

ገና ስምንት ወሬ | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ። እንደ ዕቁብ ተራ ነው ማለት ነው፣ ግን ለቸገረው ቅድሚያ ይሰጣል።

የናሆም አባት | ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 22

በትክክል። ከዚህ የተሻለ ሲያስረዳ የሰማሁት የለም።

የሬኒየሩ | ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

እኔ አሁን አሌክሳንድሪያ ብሆንም ለዓመታት የኖርኩት ሲያትል ነው። አንድ ስም ላክል። ጆሽ ኮነርሊ፣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ግራ ታክል (የመስመሩ ዳር ላይ የሚቆም ላይንማን)። ሬኒየር ቢች ሃይስኩል ነው የተማረው። ያንን ሰፈር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሬኒየር አቬኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት ነው። እኔም እንጀራ የምገዛው እዚያው ነበር። ሃይስኩል ሳለ አገር ሁሉ የሚያወራለት ልጅ ነበር።

ትንሽ ሳለ ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ) ሆኖ ይጫወት ነበር። ይህ ዝም ብሎ ወሬ አይደለም፣ እግሩ ላይ ታዩታላችሁ። ሌሎቹ ግዙፎች ጎተት ሲሉ እሱ ወደ ጎን እንደ ቀላል ሰው ይሄዳል። ገና 21 ዓመቱ ነው። ድክመትም አለበት፣ ኃይለኛ ሰው ደረቱ ላይ ሲመጣበት ወደ ኋላ ይገፋል። ሲኒየር ቦውል፣ የድራፍት ዕጩዎች ጨዋታ፣ ልምምድ ላይ ተፈትኗል። ግን የሚሻሻል ነገር ነው። ክብደትና ጉልበት ይጨመራል፣ እግር አይጨመርም።

ቡርጋንዲና ወርቅ | ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ግን እሱ ግራ ታክል ነው። ግራው የተንሲል ነው። ቀኝ ልታደርገው ነው? ዕድሜውን ሙሉ በቀኙ ሲጎርስ የኖረን ሰው ከነገ ጀምሮ በግራህ ብላ እንደማለት ነው። እግር አቋቋሙ ይገለበጣል፣ የሚቀድመው እጅ ይገለበጣል። ለ29ኛ ፒክ እንዲህ ያለ ፈተና አልወድም።

የሬኒየሩ | ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

ልክ ነህ፣ ቀላል አይሆንም። መጀመሪያ ላይ ሊያሸንፉት ይችላሉ። ግን ብራንደን ኮልማንን ተመልከት። ባለፈው ዓመት 67ኛ ፒክ ነበር፣ ጀማሪ ሆኖ ግራውን ያዘልን። አሁን ተንሲል ስለመጣ ወደ ውስጥ ገብቶ ጋርድ ሊሆን ነው። ዳን ክዊን ቦታ ለመቀየር የማይፈራ አሠልጣኝ ነው። ተንሲል ደግሞ 30 ዓመቱ ነው። ነገ ግራው ባዶ ሲሆን ማን ይቆማል?

ስካይላይኗ | ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ዛሬ ተረኛ አይደለሁም። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ተቀምጫለሁ። አትላንታ የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያ ዙር ፒኳን ሰጥታ 26 ላይ ወጣችና የቴኔሲውን ጄምስ ፒርስን ወሰደች። ፓስ ራሸሮቹ መነሳት ጀመሩ ወንድም ቡርጋንዲ።

ቡርጋንዲና ወርቅ | ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ኤዜሩአኩ አሁንም አለ። ግሪንም አለ። ሁለቱም አሉ! እጄ ላቡን ይዞታል።

የሬኒየሩ | ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ኮነርሊ! 29ኛ! ኮነርሊን ወሰዱት!

ሲያትል ደወልኩ፣ ወንድሜ ከሥራ እየወጣ ነበር፣ ስልኩ ላይ ጮኸብኝ። ያ ሰፈር ዛሬ አይተኛም።

የናሆም አባት | ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ተመስገን። ናሆም ነገ ትምህርት አለው፣ እስከ 29 ቆያለሁ ብሎኝ ነበር። ሶፋው ላይ ማሊያውን እንደለበሰ ተኝቷል። ልቀስቅሰው ብዬ ትከሻውን ነካሁትና ተውኩት። ጠዋት ገንፎውን ሲበላ ነው የምነግረው፣ «ለጄደን ግድግዳ ገዙለት» ብዬ።

ስካይላይኗ | ሐሙስ፣ ኤፕሪል 24፣ ማታ

ቡፋሎ 30 ላይ ሄርስተንን ወሰደችው። ከኛ ቀጥላ። በአንድ ተራ አመለጠን። ኮነርሊን አልጠላሁትም፣ ግን ይህ ያማል። ነገ 61 ላይ ኮርነር ካልመጣ እኔ አልችልም።

ቡርጋንዲና ወርቅ | ዓርብ፣ ኤፕሪል 25፣ ማታ

44ኛ። ዶኖቫን ኤዜሩአኩ። ዳላስ።

ለአፍታ ዝም በሉኝ። ፋውለርን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ እሱን። በዓመት ሁለት ጊዜ የምንገጥማቸው ናቸው እኮ። ፓስ ራሸሩ ማይካ ፓርሰንስ ባለበት ላይ ነው ይህ ልጅ የተጨመረው። ናሆም አባት፣ ያ ያልከው ግድግዳ መጀመሪያ የሚፈተነው በዚህ ልጅ ነው። አሁን ኮነርሊ ጠንካራ እንዲሆን ከናንተ በላይ የምጸልየው እኔ ነኝ።

የአርኤፍኬ ሰው | ዓርብ፣ ኤፕሪል 25፣ ማታ

አይዞህ ልጄ። ከዳላስ ጋር ያለን ነገር የዛሬ አይደለም። ጥሩ ጥሩ ሰው እየያዙ መጥተው ስንቴ አርኤፍኬ ላይ አልቅሰው ሄደዋል። በርታ፣ 61 ገና ነው።

ስካይላይኗ | ዓርብ፣ ኤፕሪል 25፣ ማታ

እልልልልል! ትሬ ኤሞስ! የኦሌ ሚስ ኮርነርባክ! ከዕረፍት ክፍሉ ነው የምጽፈው፣ ባልደረባዬ ምን ሆንሽ ብላ ሮጣ መጣች።

ረጅም ነው፣ ዳር ላይ መቆም ይችላል። መጀመሪያ ሉዊዚያና ተጫወተ፣ ከዚያ አላባማ፣ ከዚያ ኦሌ ሚስ። ሦስት ትምህርት ቤት ዞሮ ነው እዚህ የደረሰው። አሁን ሴንሪስቲል መሃል ይገባል። ላቲሞር ጤናው ከተመለሰ ደግሞ ሦስት ሰው አለን። በስንት ዓመት ነው ኮርነር ላይ ሦስት ሰው ሲኖረን? ማይክ ግሪን 59 ላይ ለባልቲሞር ሄደ፣ ይህንም ለቡርጋንዲ ብዬ ነው፣ ከሁለት ተራ በኋላ ነው የደረስነው።

ቡርጋንዲና ወርቅ | ዓርብ፣ ኤፕሪል 25፣ ማታ

አይቻለሁ እህቴ። ለኤሞስ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ያልሽው የሴንሪስቲል ነገር ትናንት ማታ እንደገና ሳየው ልክ ሆኖ አገኘሁት። ዲትሮይት ላይ የነጠቃቸውን ደግሜ አየሁ። ኳሷ ላይ ያለው ዓይን ሌላ ነው። መሃል ላይ ብዙ ኳስ ወደሱ ይመጣል።

ቁጭቴ ግን አልወጣልኝም። ነገ ሦስት ፒክ ይቀራል። አንዱ ፓስ ራሸር ይሁንልኝ።

የናሆም አባት | ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26፣ ማታ

አለቀ። 128 ጄሊን ሌን፣ ከቨርጂኒያ ቴክ፣ ሪሲቨር። እዚሁ ጎረቤታችን ማለት ነው። ሩጫው አደገኛ ነው፣ ኳስ መላሽም ይሆናል። 205 የዩሲኤልኤው ኬይን ሜድራኖ፣ ላይንባከር። ቦቢ ዋግነር ዕድሜው ገፍቷል፣ ሥሩ ተቀምጦ የሚማር ሰው ያስፈልጋል። 245 ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት፣ ራኒንግ ባክ፣ ከአሪዞና። ፓስ ራሸር አንድም የለም። ቡርጋንዲ ወንድሜ፣ አዝኛለሁ፣ የምሬን ነው።

የሬኒየሩ | ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26፣ ማታ

የመጨረሻውን ልጅ አትናቁት። በ2023 ኒው ሜክሲኮ እያለ 1,190 ያርድ ሮጦ 17 ታችዳውን አስቆጥሯል። ወደ አሪዞና ሲሄድ የመጫወት ፈቃዱ ላይ ጥያቄ ተነሳና ዓመቱን ሙሉ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። 245 የደረሰው ለዚያ ነው። ዓመት ሙሉ ከዳር ተቀምጦ ሌሎችን ሲያይ የኖረ ሰው ሜዳ ሲገባ ምን እንደሚሠራ እናያለን።

የአርኤፍኬ ሰው | ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26፣ ማታ

አልፍሬድ ሞሪስን አስታውሱ። በ2012 ስድስተኛ ዙር፣ 173ኛ። ስለ ግሪፈን ሲወራ እሱን ማንም አላየውም። በዚያው ዓመት 1,613 ያርድ ሮጠ። ሯጭ ከታች ይገኛል። ላይንማን ግን ከላይ ብትወስደው ነው የሚሻለው። እኔ በዚህ ድራፍት ረክቻለሁ።

ቡርጋንዲና ወርቅ | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

አድሬ አሰብኩበት። የያዝነው ዶራንስ አርምስትሮንግን ነው፣ ዲትሪች ዋይዝና ጄከብ ማርቲን አዲስ መጥተዋል። ዋይዝ ጠንካራ ሠራተኛ ነው፣ ሩጫ ያቆማል። ግን ሦስተኛ ሙከራ ላይ፣ ስምንት ያርድ ሲቀራቸው፣ ሁሉም ሰው ኳስ እንደሚወረወር ሲያውቅ፣ ያኔ ዳር ዞሮ የሚደርስ ሰው የለንም። ፋውለር ያ ነበር። ይህን አሁንም እላለሁ፣ ኖቬምበር ላይም እላለሁ። ፒተርስ ሴፕቴምበር ሳይደርስ አንድ ሰው ካልጨመረ ባርክሊን ሳይሆን የኢግልሱን ኮርተርባክ ጄለን ኸርትስን ነው የምናየው፣ ዘና ብሎ ቆሞ ሲወረውር።

ኮነርሊን ግን ተቀብዬዋለሁ። የናሆም አባት የጻፈውን የጉልበት ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ ፉትቦል አታይም። «ታዲያ የሚጠብቀው ሰው ቢያመጡለት ምን አናደደህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ገና ስምንት ወሬ | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ሳምንቱን ሙሉ ስትጽፉ ሳነብ ነበር። ዓርብ ፓርኪንጉ ውስጥ ባልደረቦቼ ስለ ኮነርሊ ሲያወሩ «ግራ ታክል ነው፣ ቀኝ መልመድ አለበት» አልኳቸው። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንዱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ወንበር ሳበልኝ። ስምንት ወር ሙሉ ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሰው ጋር ማየት እፈልጋለሁ። የት ነው የምትሰበሰቡት?

የናሆም አባት | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

እኛ ቤት። አሌክሳንድሪያ ነው፣ አውቶቡስ በር ላይ ያወርድሃል። ናሆም ሕጉን ሁሉ ያስረዳሃል፣ እንደሱ የሚያስረዳ የለም። ጋሼ እርስዎም ይምጡ፣ እባክዎ። ማጓጓዙ በኔ ነው።

የአርኤፍኬ ሰው | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

እመጣለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንተ አዲሱ ልጅ፣ ማሊያ አለህ? ቁመትህ ስንት ነው?

ገና ስምንት ወሬ | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ማሊያ የለኝም ጋሼ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከ74 ነው።

የአርኤፍኬ ሰው | እሑድ፣ ኤፕሪል 27

ዳረል ግሪንም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። 28 ቁጥሩን አጥቤ ይዤልህ እመጣለሁ።